ሚሎሼቪች ወደ ሄግ ከተላኩ በኋላ፦ ክሱ በሰርቢያ ፖለቲካ ላይ ያስከተለው

ክሱና የሥልጣን ለውጡ

ሜይ 27 ቀን 1999 በሄግ ከተማ የሚያስችለው የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት የዩጎዝላቪያውን ፕሬዚዳንት ስሎቦዳን ሚሎሼቪችን መክሰሱን ይፋ አደረገ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፍርድ ቤቱን ያቋቋመው በ1993 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 827 ነበር። በሥልጣን ላይ ያለ የአገር መሪ በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሲከሰስ ያ የመጀመሪያው ነው። ከሚሎሼቪች ጋር የሰርቢያ ፕሬዚዳንት ሚላን ሚሉቲኖቪች፣ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኒኮላ ሻይኖቪች፣ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ድራጎልዩብ ኦይዳኒች እና የሰርቢያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ቭላይኮ ስቶይልኮቪች ተከሰሱ። ዐቃቤ ሕግ ሉዊዝ አርቡር ያቀረቡት ክስ የኮሶቮ አልባናውያንን መግደልን፣ ከቀያቸው ማፈናቀልንና ማሳደድን የሚመለከት ነበር።

በዚያን ጊዜ በኮሶቮው ጦርነት ሳቢያ በዩጎዝላቪያ ላይ የተከፈተው የኔቶ የአየር ድብደባ ሦስተኛ ወሩን ይዞ ነበር። ቤልግሬድ በቦምብ እየተደበደበች ስለነበር አብዛኛው ሰርብ ክሱን የጦርነቱ አካል አድርጎ ቆጠረው። በሚሎሼቪች ዘንድ ግን ክሱ የሥልጣንን ትርጉም ለወጠ፤ ከመንበር መውረድ ማለት ጡረታ መውጣት ሳይሆን ወደ ሄግ የሚወስደውን መንገድ መጀመር ሆነ።

ሰርቢያንና ሞንቴኔግሮን ባቀፈችው ዩጎዝላቪያ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2000 በተካሄደው የፌዴራል ፕሬዚዳንት ምርጫ 18 ፓርቲዎች የሰርቢያ ዴሞክራሲያዊ ተቃዋሚ በሚል ጥምረት አንድ ዕጩ አቀረቡ። ዕጩው ቮይስላቭ ኮሽቱኒሳ የሕገ መንግሥት ምሁር ናቸው። ከሚሎሼቪች ጋር ተሻርከው አያውቁም፤ ብሔርተኛ ናቸው፤ ኔቶንም ሆነ የሄጉን ፍርድ ቤት አጥብቀው ይነቅፋሉ። የተመረጡትም በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ሚሎሼቪችን ቢጠላም ምዕራባውያንን የማያምነውን መራጭ ሊስቡ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ። የምርጫ ዘመቻውን የመሩት ደግሞ በጀርመን አገር በፍልስፍና ዶክትሬታቸውን የያዙት የዴሞክራቲክ ፓርቲ መሪ ዞራን ጂንጂች ነበሩ።

ሚሎሼቪች ሽንፈታቸውን ለመቀበል ሲያንገራግሩ የኮሉባራ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ኦክቶበር 5 ቀን ከየአውራጃው የመጣ ሕዝብ ቤልግሬድን አጥለቅልቆ የፌዴራሉን ምክር ቤት ሕንጻ ያዘ። በማግሥቱ ሚሎሼቪች መሸነፋቸውን አመኑ። ብዙ ደም ሳይፈስ የቀረው አንድም ጂንጂች በዋዜማው ቀይ ቆቦች የሚባለውን የመንግሥት ደኅንነት ልዩ ጦር አዛዥ ሚሎራድ ኡለመክን አግኝተው ጦሩ እንዳይተኩስ ስለተስማሙ ነው። በቅጽል ስሙ ሌጊያ የሚባለው ይህ አዛዥና በቦስኒያ፣ በክሮኤሺያና በኮሶቮ የተዋጋው ጦሩ ከለውጡ በኋላም ሳይነኩ ቀሩ። አዲሱ ሥርዓት ገና ሲወለድ ይህን ዕዳ ይዞ ተወለደ።

የእስሩ ክርክር

ዲሴምበር 23 ቀን 2000 በሰርቢያ ሪፐብሊክ የምክር ቤት ምርጫ ጥምረቱ ከ250 መቀመጫዎች 176ቱን አሸነፈ። ጂንጂች በጃንዋሪ 2001 የሰርቢያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ኮሽቱኒሳ የፌዴራሉ ፕሬዚዳንት ሆነው ቀጠሉ። ፖሊሱ፣ ገንዘቡና ፍርድ ቤቱ በሪፐብሊኩ መንግሥት እጅ ነበር፤ ሠራዊቱና የውጭ ጉዳዩ በፌዴራሉ እጅ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በቀድሞው መሪ ጉዳይ ላይ ያላቸው አቋም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቅ ነበር።

በኮሽቱኒሳ አመለካከት የሄጉ ፍርድ ቤት ኃያላን አገሮች የሚዘውሩት የፖለቲካ መሣሪያ ነው። ሚሎሼቪች መጠየቅ ካለባቸው በአገራቸው ሕግ፣ በአገራቸው ዳኛ ፊት መጠየቅ አለባቸው። የፍርድ ቤቱ አዲስ ዋና ዐቃቤ ሕግ ካርላ ዴል ፖንቴ በጃንዋሪ 2001 ቤልግሬድ መጥተው ሲያነጋግሯቸው ውይይቱ ያለ አንዳች ስምምነት ተጠናቀቀ። ጂንጂች ደግሞ ጉዳዩን የሚመዝኑት በአገሪቱ ችግር ነበር፤ ኢኮኖሚው ደቅቋል፣ ዕዳው ተከምሯል፣ የውጭ ብድርና እርዳታ ያለ ሄግ ትብብር አይገኝም። የአሜሪካ ኮንግረስ እርዳታው እንዲቀጥል ሰርቢያ ከፍርድ ቤቱ ጋር መተባበሯ እስከ ማርች 31 ቀን 2001 እንዲረጋገጥ የጊዜ ገደብ አስቀምጦ ነበር።

ቀነ ገደቡ ሊያበቃ ሲል ፖሊሶች በደዲንዬ ሰፈር የሚገኘውን የሚሎሼቪችን መኖሪያ ከበቡ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ግቢውን የሚጠብቁት ወታደሮች ለፖሊስ መንገድ አልለቀቁም፤ በውስጥም የታጠቁ ደጋፊዎች ነበሩ። ከአንድ ቀን ተኩል ፍጥጫ በኋላ፣ የጂንጂች የቅርብ ሰው ቸዶሚር ዮቫኖቪች ሲያደራድሩ አድረው፣ ሚሎሼቪች ኤፕሪል 1 ቀን ንጋት ላይ እጃቸውን ሰጡ። የታሰሩበት ክስ ግን የጦር ወንጀል አልነበረም፤ በሥልጣን አላግባብ መጠቀምና የመንግሥትን ገንዘብ ማባከን ነበር። ይህ ኮሽቱኒሳንም ያስማማ መካከለኛ መንገድ ነው። ሆኖም ከከበባው የወጣው ትምህርት ግልጽ ነበር፦ በአንድ አገር ውስጥ ሠራዊቱ ለአንዱ ባለሥልጣን፣ ፖሊሱ ለሌላው ይታዘዛል።

በሜይ 2001 የሕዝቡን አስተሳሰብ የነካ ነገር ተገለጠ። በ1999 በዳኑብ ወንዝ ውስጥ የኮሶቮ አልባናውያን አስከሬን የተጫነበት የማቀዝቀዣ መኪና ተገኝቶ ጉዳዩ ተድበስብሶ እንደነበር አንድ የአካባቢ መጽሔት አወጣ፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርም ምርመራ ከፈተ። በቤልግሬድ ዳርቻ በባታይኒሳ በሚገኝ የፖሊስ ማሠልጠኛ ግቢ የጅምላ መቃብሮች ተቆፍረው ከጊዜ በኋላ ከ700 በላይ ሰዎች አፅም ወጣ። ወንጀሉ የጠላት ወሬ ነው ይል ለነበረው ሰርብ ማስረጃው በገዛ ዋና ከተማው ጓሮ ተገኘ።

ጁን 28 ቀን 2001

የፌዴራሉ ምክር ቤት ከሄግ ጋር የመተባበር ሕግ እንዲያወጣ ሙከራ ቢደረግም በጥምር መንግሥቱ ውስጥ የነበረው የሞንቴኔግሮ ሶሻሊስት ሕዝባዊ ፓርቲ አልተቀበለውም። ፓርቲው ቀደም ሲል የሚሎሼቪች አጋር ነበር። ጁን 23 ቀን የፌዴራሉ መንግሥት በሕግ ፋንታ፣ የሞንቴኔግሮ ሚኒስትሮች ሳይስማሙበት፣ ድንጋጌ አወጣ። ጁን 28 ቀን የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ድንጋጌው እንዲታገድ ወሰነ።

የጂንጂች ካቢኔ በዚያው ዕለት ተሰብስቦ እግዱን እንደማይቀበል አስታወቀ። መሠረት ያደረገው የሰርቢያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 135ን ነው። አንቀጹ የፌዴራል አካላት የሰርቢያን ጥቅም የሚጎዳ ነገር ሲያደርጉ ሪፐብሊኩ በራሱ እንዲወስን ይፈቅዳል፤ በ1990 የተጻፈውም በራሳቸው በሚሎሼቪች ዘመን ነበር። ምሽት ላይ ሚሎሼቪች ከቤልግሬድ እስር ቤት ወጥተው በሄሊኮፕተር በቦስኒያ ቱዝላ ወዳለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ ሄግ ተወሰዱ።

ዕለቱ የቅዱስ ቪድ ቀን ነበር። ሰርቦች በ1389 በኮሶቮ ሜዳ ከኦቶማን ጦር ጋር ተዋግተው ያለቁበት መታሰቢያ ነው። ሚሎሼቪችም በ1989 የውጊያው 600ኛ ዓመት ሲከበር በዚያው ሜዳ ለብዙ ሕዝብ ንግግር አድርገው የብሔርተኝነታቸው አርማ ያደረጉት ቀን ነበር። ተቃዋሚዎች ዕለቱን ለማዋረድ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው አሉ። የጊዜውን ጥድፊያ የሚያስረዳው ግን የማግሥቱ ቀጠሮ ነው፤ ጁን 29 ቀን በብራስልስ በተካሄደው የለጋሾች ጉባኤ ለዩጎዝላቪያ 1.28 ቢሊዮን ዶላር ቃል ተገባ።

በውጭ ዘንድ የተወደሰው ውሳኔ በአገር ቤት ሁለት ቁስል ትቶ አለፈ። አንደኛው የሕጋዊነት ጥያቄ ነው፤ የሕግ የበላይነትን አመጣለሁ ያለ መንግሥት ታላቁን ውሳኔውን የወሰነው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትን ትእዛዝ አልፎ ነበር። ሁለተኛው የገንዘቡ ነገር ነው። ክሱ ስለ ሟቾች ፍትሕ መሆኑ ቀርቶ መሪን በዶላር መሸጥ ተደርጎ ተወራ። ጂንጂች ራሳቸው ብዙም ሳይቆዩ ለጀርመኑ ደር ሽፒገል መጽሔት ሲናገሩ፣ ከሚጠበቀው የመጀመሪያ 300 ሚሊዮን ዩሮ ውስጥ 225 ሚሊዮኑ ለቆየ ዕዳ ሊያዝ መሆኑን ጠቅሰው ምዕራባውያንን ወቀሱ።

የአሸናፊዎች መለያየት

ኮሽቱኒሳ ሚሎሼቪች መላካቸው አስቀድሞ እንዳልተነገራቸው ገልጸው ድርጊቱን ሕገ ወጥ አሉት። ጁን 29 ቀን የሞንቴኔግሮው ተወላጅ የፌዴራል ጠቅላይ ሚኒስትር ዞራን ዚዚች ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ የፌዴራሉ መንግሥትም ፈረሰ። በጁላይ መጨረሻ ድራጊሻ ፔሺች አዲስ ካቢኔ አቋቋሙ፤ ሆኖም በሰርቢያና በሞንቴኔግሮ መካከል የነበረው የላላ ግንኙነት ከዚያ በኋላ አልጠበቀም።

በጎዳና ላይ የታየው ተቃውሞ ከተፈራው ያነሰ ነበር። በቤልግሬድ አደባባይ የወጡት የሚሎሼቪች ደጋፊዎች በጥቂት ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ጉዳዩ ያናወጠው የተሸነፉትን ሳይሆን ያሸነፉትን ነው። በኦገስት 2001 አንድ የቀድሞ የደኅንነት መኮንን የኮሽቱኒሳን ቢሮ ጎብኝቶ በሰዓታት ውስጥ ተገደለ። የኮሽቱኒሳ የሰርቢያ ዴሞክራቲክ ፓርቲ መንግሥትን ከወንጀለኞች ጋር ይነካካል ብሎ ከሰሰና ከካቢኔው ወጣ። በ2002 አጋማሽ የጥምረቱ ቀሪ ፓርቲዎች የኮሽቱኒሳን ፓርቲ ከጥምረቱ አባረሩት፤ የአባላቱን የምክር ቤት መቀመጫም ለመንጠቅ ሞከሩ። ሚሎሼቪችን ለመጣል የተባበሩት 18 ፓርቲዎች ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አንድነታቸውን አጡ።

ቀይ ቆቦች አመፁ

በኖቬምበር 2001 መጀመሪያ ልዩ ጦሩ በሄግ የሚፈለጉ ሁለት መንትያ ወንድማማቾችን እንዲይዝ ታዘዘ። ሁለቱ የተከሰሱት በቦስኒያ በነበረ የእስረኞች ካምፕ በተፈጸመ ወንጀል ነበር። ሰዎቹ ከተያዙ በኋላ ወታደሮቹ ተታለልን አሉ፤ የያዝናቸው ለሄግ የሚተላለፉ መሆናቸው አልተነገረንም በማለት ኖቬምበር 9 ቀን አመፁ። ብረት ለበስ መኪናዎቻቸውን አሰልፈው ዋናውን አውራ ጎዳና ዘጉ። ከሄግ ጋር የሚደረገው ትብብር በሕግ እንዲወሰንና የደኅንነት አለቆች እንዲነሡ ጠየቁ። ከጥያቄው ሥር ያለው ስጋት ግልጽ ነበር፦ ዛሬ እኛ የምንይዛቸው ከተላኩ ነገ እኛም እንላካለን።

ፕሬዚዳንት ኮሽቱኒሳ አመፁን አላወገዙም፤ ለአገር ደኅንነት አስጊ እንዳልሆነም ተናገሩ። ኮሽቱኒሳ የሚያዙት ሠራዊት ከጎናቸው ያልቆመው ጠቅላይ ሚኒስትር ጂንጂች አማራጭ አልነበራቸውም። የደኅንነቱ ዋና ኃላፊና ምክትላቸው ከሥልጣን ለቀቁ፤ ከተተኩት መካከል ከዚያው ልዩ ጦር የመጣ ሰው ይገኝበታል። በዚህም መንግሥት የራሱን ደኅንነት የሚያይበትን ዐይን ሊያስራቸው ለሚገባ ሰዎች አሳልፎ ሰጠ።

ችሎቱ በቴሌቪዥን

የሚሎሼቪች የፍርድ ሂደት ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2002 በዳኛ ሪቻርድ ሜይ ሰብሳቢነት ተጀመረ። የኮሶቮ፣ የክሮኤሺያና የቦስኒያ ክሶች ተጣምረው 66 ነጥቦች ያሉት አንድ መዝገብ ሆኑ፤ በቦስኒያው ክስ የዘር ማጥፋት ወንጀልም ተካቷል። ሚሎሼቪች ለፍርድ ቤቱ ዕውቅና ስለማልሰጥ ጠበቃ አላቆምም ብለው ራሳቸው ተከራከሩ። የሕግ ትምህርት ነበራቸው፤ ከዚያ በላይ ግን የፖለቲካ ተናጋሪ ልምድ ነበራቸው። ምስክሮችን በመስቀለኛ ጥያቄ ሲያፋጥጡ ዒላማቸው ዳኞቹ ሳይሆኑ በሰርቢያ ቤቱ ተቀምጦ የሚያያቸው ተመልካች ነበር።

ስርጭቱ በቀጥታ ይተላለፍ ስለነበር ንግግራቸው በየቤቱ ገባ። ብዙ ሰርቦች በችሎቱ ላይ የተከሰሰው አንድ ሰው ሳይሆን አገራቸው እንደሆነ ቆጠሩ፤ ሚሎሼቪችን ከሥልጣን ያወረዳቸው ሰው ሳይቀር ለዐቃቤ ሕጉ ሲመልሱ ሲሰማ የሚደሰትበት ጊዜ ነበር። የብሔራዊው ቴሌቪዥን ጣቢያ ብዙም ሳይቆይ ቀጥታ ስርጭቱን ሲያቆም ነጻው ቢ92 ቀጠለበት።

በዚህ መካከል አሜሪካ ሌላ ቀነ ገደብ አስቀምጣ እርዳታዋን ስታግድ፣ የፌዴራሉ ምክር ቤት ኤፕሪል 11 ቀን 2002 ከሄግ ጋር የመተባበርን ሕግ አጸደቀ። ሕጉ አሳልፎ መስጠትን ቀድሞ በተከሰሱት ብቻ ወሰነው። በዚያው ምሽት የቀድሞው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ስቶይልኮቪች በምክር ቤቱ ደጅ ሽጉጣቸውን በራሳቸው ላይ ተኩሰው ከሁለት ቀን በኋላ ሞቱ፤ በተዉት ደብዳቤም ለሞታቸው የአዲሱን መንግሥት መሪዎች ተጠያቂ አደረጉ። ጄኔራል ኦይዳኒችና ሻይኖቪች ግን በሳምንታት ውስጥ በፈቃዳቸው ወደ ሄግ ሄዱ። ሚሉቲኖቪች የፕሬዚዳንትነት ዘመናቸው እስኪያበቃ ጠብቀው በጃንዋሪ 2003 ተከተሉ።

ሚሎሼቪች ከእስር ቤት ሆነውም በምርጫ ውስጥ እጃቸውን አስገቡ። በሴፕቴምበር 2002 የሰርቢያ ፕሬዚዳንት ምርጫ ሶሻሊስት ፓርቲያቸው ታዋቂውን የፊልም ተዋናይ ባታ ዚቮይኖቪችን ዕጩ ሲያደርግ እሳቸው ግን ለሰርቢያ ራዲካል ፓርቲ መሪ ቮይስላቭ ሼሼሊ ድምፅ እንዲሰጥ ጥሪ አደረጉ። ፓርቲው ተከፈለ፤ ብሔርተኛው ድምፅም ወደ ራዲካሎቹ ፈሰሰ። በዲሴምበሩ ድጋሚ ምርጫ ሼሼሊ 36 በመቶ ያህል ድምፅ ሲያገኙ ኮሽቱኒሳ ቢመሩም የመራጩ ቁጥር ከግማሽ በታች ስለሆነ ምርጫው ተሰረዘ። የተሰላቸ መራጭ ቤቱ ቀርቶ ሰርቢያ ያለ ፕሬዚዳንት ቆየች። ሼሼሊ ራሳቸው ተከሰው በፌብሩዋሪ 2003 ወደ ሄግ ሄዱ።

የጠቅላይ ሚኒስትሩ ግድያ

በ2003 መጀመሪያ የጂንጂች መንግሥት የተደራጀ ወንጀልን የሚከታተል ልዩ ዐቃቤ ሕግ አቋቁሞ ዘሙን ቡድን የሚባለውን የወንበዴዎች ማኅበርና ከልዩ ጦሩ ጋር ያለውን ግንኙነት ለመበጠስ ተዘጋጀ። በፌብሩዋሪ 2003 አንድ የጭነት መኪና በአውራ ጎዳና ላይ የጠቅላይ ሚኒስትሩን አጀብ ለመግጨት ሞከረ፤ ጂንጂች ተረፉ። ማርች 12 ቀን እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ግን በመንግሥት ጽሕፈት ቤቱ ደጅ ከመኪና ሲወርዱ በተኳሽ ጥይት ተመትተው ሞቱ። የተኮሰው የልዩ ጦሩ ምክትል አዛዥ የነበረው ዝቬዝዳን ዮቫኖቪች ነው። ሴረኞቹ ለዕቅዳቸው የሰጡት ስያሜ ሄግን ማስቆም የሚል ነበር። ከግድያው በኋላ ሄግን የሚቃወም መንግሥት ሥልጣን ይይዛል፣ ወደ ፍርድ የሚላክም አይኖርም ብለው ተስፋ አድርገዋል።

የሆነው ተቃራኒው ነው። በዚያው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ዞራን ዚቭኮቪች ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሰይፍ በተባለው ዘመቻ ከ11,000 በላይ ሰዎች ተያዙ። ቀይ ቆቦች ማርች 25 ቀን ተበተኑ። በ2000 ደብዛቸው የጠፋው የቀድሞው የሰርቢያ ፕሬዚዳንት ኢቫን ስታምቦሊች አፅም በፍሩሽካ ጎራ ተራራ ተገኝቶ በልዩ ጦሩ አባላት መገደላቸው ታወቀ። በጁላይ 2003 ሰርቢያ የጦር ወንጀልን የሚከታተል የራሷ ዐቃቤ ሕግ እንዲኖራት ሕግ ወጣ። በ2007 የቤልግሬድ ፍርድ ቤት ኡለመክንና ዮቫኖቪችን በጂንጂች ግድያ እያንዳንዳቸውን በ40 ዓመት እስራት ቀጣ።

ይህ የሐዘንና የቁጣ ወቅት ከዓመቱ አላለፈም። በኦክቶበር 2003 ዴል ፖንቴ በአራት የጦርና የፖሊስ ጄኔራሎች ላይ የኮሶቮ ክስ ይፋ አደረጉ፤ ከአራቱ አንዱ ስሬተን ሉኪች በሰይፍ ዘመቻ የፖሊሱ መሪ የነበሩና በሥራ ላይ ያሉ ባለሥልጣን ነበሩ። የተዳከመው ካቢኔ ምክር ቤቱን በትኖ ምርጫ ጠራ። ዲሴምበር 28 ቀን 2003 ራዲካል ፓርቲ 82 መቀመጫዎች አግኝቶ በቁጥር አንደኛ ሆነ። በዝርዝሩ አናት ላይ ሼሼሊ፣ 22 መቀመጫዎች ባገኘው በሶሻሊስት ፓርቲ ዝርዝር አናት ላይ ደግሞ ሚሎሼቪች ነበሩ፤ ሁለቱም ከሄግ እስር ቤት ሆነው።

የኮሽቱኒሳ መንገድ

ራዲካሎቹ ብቻቸውን መንግሥት ማቋቋም አልቻሉም። በማርች 2004 ኮሽቱኒሳ የአናሳ ጥምር መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። መንግሥታቸውን ከውጭ ሆኖ በድምፁ የሚደግፈው የሚሎሼቪች ሶሻሊስት ፓርቲ ነበር። በዚያው ወር ምክር ቤቱ ለሄግ ተከሳሾችና ለቤተሰቦቻቸው ከመንግሥት ገንዘብ ድጎማ የሚሰጥ ሕግ አወጣ፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ግን በሳምንታት ውስጥ አገደው። አሜሪካም እርዳታዋን አቋረጠች።

በጁን 2004 የዴሞክራቲክ ፓርቲው ቦሪስ ታዲች የራዲካሉን ቶሚስላቭ ኒኮሊችን በፕሬዚዳንት ምርጫ ሲያሸንፉ ሚዛኑ ተለወጠ። ኮሽቱኒሳም የአውሮፓ ኅብረት በር ያለ ሄግ እንደማይከፈት ተረዱ። ያገኙት ዘዴ በፈቃድ እጅ መስጠት ይባላል። ተከሳሹ በፖሊስ አይያዝም፤ ይለመናል፣ ለቤተሰቡ ዋስትና ይሰጠዋል፣ ለአገሩ መሥዋዕት እንደሚሆን ሰው በክብር ይሸኛል። ከ2004 መጨረሻ እስከ 2005 ጸደይ ከ12 በላይ ተከሳሾች በዚህ መንገድ ሄዱ፤ የአውሮፓ ኮሚሽንም በኤፕሪል 2005 ሰርቢያና ሞንቴኔግሮ ለማኅበርነት ስምምነት ድርድር ብቁ ናቸው አለ። ዘዴው ውጤታማ ነበር፤ ሆኖም ሕዝቡ ስለ ወንጀሉ ምንም ሳይማር ተከሳሾቹን ጀግና አድርጎ እንዲሸኝ አደረገ።

ያን ዝምታ የሰበረው ከሚሎሼቪች ችሎት የወጣ ምስል ነው። ጁን 1 ቀን 2005 ዐቃቤ ሕግ በ1995 ጊንጦች የተባለ የሰርብ ታጣቂ ቡድን ስድስት የስሬብሬኒሳ ቦስኒያውያንን ሲረሽን የተቀረጸ ፊልም በችሎት አሳየ። ፊልሙ በሰርቢያ ቴሌቪዥን ሲታይ አገር ደነገጠ። በምስሉ የታዩት ሰዎች በቀናት ውስጥ ተይዘው በ2007 በራሱ በቤልግሬድ ፍርድ ቤት ተፈረደባቸው።

ያለ ፍርድ የተዘጋ መዝገብ

ሚሎሼቪች ማርች 11 ቀን 2006 በሄግ እስር ቤት ክፍላቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። የልብ ሕመምተኛ ስለነበሩ ችሎቱ ደጋግሞ ሲቋረጥ ቆይቷል፤ ከአራት ዓመት ክርክር በኋላ መዝገቡ ያለ ፍርድ ተዘጋ። አስከሬናቸው ወደ ቤልግሬድ ሲመጣ የቀብሩ ሥርዓት የፖለቲካ ጥያቄ ሆነ። ታዲች የመንግሥት ቀብር አይደረግም አሉ። ማርች 18 ቀን በፌዴራሉ ምክር ቤት ፊት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰናበቷቸው፤ በዚያው ቀን በሌላ አደባባይ ተቃዋሚዎቻቸው ፊኛ ይዘው ተሰበሰቡ። ሥርዓተ ቀብራቸው በትውልድ ከተማቸው በፖዛሬቫትስ፣ በቤታቸው ግቢ ተፈጸመ። በሩሲያ የነበሩት ባለቤታቸው ሚራ ማርኮቪች አልመጡም።

የክሱ መዘዝ ግን አልተቀበረም። የቦስኒያ ሰርቦች የጦር አዛዥ ራትኮ ምላዲች ባለመያዛቸው የአውሮፓ ኅብረት በሜይ 2006 ድርድሩን አቋረጠ፤ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሚሮልዩብ ላቡስም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዚያው ወር ሞንቴኔግሮ በ55.5 በመቶ ድምፅ ከሰርቢያ ለመለየት ወሰነች።

የተሸናፊዎቹ መመለስ

የሶሻሊስት ፓርቲው መሪነት በ2006 መጨረሻ ለኢቪሳ ዳቺች ተላለፈ። ዳቺች በ1990ዎቹ የሚሎሼቪች ፓርቲ ቃል አቀባይ ነበሩ። በጁላይ 2008 ፓርቲያቸው ከታዲች ወገን ጋር ጥምር መንግሥት ሲመሠርት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ፣ ጁላይ 21 ቀን፣ በሄግ ለአሥራ ሦስት ዓመት የተፈለጉት የቦስኒያ ሰርቦች የፖለቲካ መሪ ራዶቫን ካራጂች ቤልግሬድ ውስጥ መያዛቸው ተገለጸ፤ ዳቺች ፖሊሳቸው በዚህ እንዳልተሳተፈ ለማስታወቅ ቸኮሉ። ምላዲች በሜይ 2011፣ ከተከሰሱት 161 ሰዎች የመጨረሻው ጎራን ሃጂች ደግሞ በጁላይ 2011 ተያዙ። ሰርቢያ በማርች 2012 የአውሮፓ ኅብረት ዕጩ አባል ሆነች።

ራዲካል ፓርቲም አልተረፈም። ሼሼሊ በሄግ ሆነው ፓርቲውን በስልክ ሲያዙ፣ ኒኮሊች በ2008 በአውሮፓ ጉዳይ ከእሳቸው ተለይተው የሰርቢያ ተራማጅ ፓርቲን አቋቋሙ። በ2012 ኒኮሊች ታዲችን አሸንፈው ፕሬዚዳንት፣ ዳቺች ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የ1990ዎቹ የሚሎሼቪች መንግሥት የማስታወቂያ ሚኒስትር አሌክሳንዳር ቩቺች ደግሞ የተራማጅ ፓርቲው ዋና ሰው ሆነው ወጡ። በ2000 ከሥልጣን የተባረሩት ሰዎች በሄግ ጉዳይ የተነሣውን ወጪ ሌሎች ከከፈሉ በኋላ ተመለሱ።

የሄጉ ፍርድ ቤት በ2017 መጨረሻ ሥራውን ጨረሰ። ከሚሎሼቪች ጋር ከተከሰሱት መካከል ሻይኖቪች በይግባኝ 18 ዓመት ተፈርዶባቸዋል፤ ሚሉቲኖቪች ነጻ ወጥተዋል። በሜይ 2023 ፍርድ ቤቱን የተካው ተቋም የይግባኝ ችሎት የሚሎሼቪች የደኅንነት ኃላፊ የነበሩትን ዮቪሳ ስታኒሺችንና ፍራንኮ ሲማቶቪችን እያንዳንዳቸውን በ15 ዓመት ቀጣ። ሲማቶቪች ቀይ ቆቦችን ካቋቋሙት ዋነኛው ነው። በሰርቢያ ግን ስለ ፍርዱ ያለው ስምምነት አሁንም የላላ ነው። ምክር ቤቱ በ2010 የስሬብሬኒሳውን ወንጀል ሲያወግዝ ያገኘው ድምፅ ከ250 አባላት 127 ብቻ ነበር፤ የዘር ማጥፋት የሚለውንም ቃል አልተጠቀመም። በኮሶቮው ክስ ተፈርዶባቸው ቅጣታቸው ሳያልቅ የተለቀቁት ጄኔራል ቭላዲሚር ላዛሬቪች በ2015 ሲመለሱ የመንግሥት ባለሥልጣናት ተቀበሏቸው፤ በ2017ም በወታደራዊ አካዳሚው እንዲያስተምሩ ተጋበዙ።

ክሱ ሚሎሼቪችን ወደ ሥልጣን እንዳይመለሱ አድርጓል፤ የጅምላ መቃብሮች እንዲከፈቱ፣ ሰርቢያም የራሷ የጦር ወንጀል ችሎት እንዲኖራት ረድቷል። ዋጋውን ግን በአብዛኛው የከፈሉት ተከሳሹን አሳልፈው የሰጡት ናቸው፤ ጥምረታቸው ፈረሰ፣ መሪያቸው ተገደለ። ለዚህም ዋናው ምክንያት የክሱ መኖር ሳይሆን አፈጻጸሙ ነው። ፍትሑ ከእርዳታ ቀነ ገደብ ጋር ስለተያያዘ እንደ ንግድ ታየ፤ በወንጀሉ የተሳተፈው ታጣቂ ኃይልም ከትብብሩ በፊት ሊበተን ሲገባ የተበተነው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከገደለ በኋላ ነው።